አንድ ፖሊሲ፣ የተለያየ የወሊድ መጠን፦ ቤተሰብ ምጣኔ በክልሎቻችን

(ሐዋሳ ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ወጣቶችና የሐዋሳ ነዋሪዎች፦

በቅድሚያ ጥቂት ቁጥሮችን ላስቀምጥ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. ሲካሄድ፣ በአማራ ክልልም ሆነ በያኔው የደቡብ ክልል አንዲት ሴት በመውለጃ ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር እኩል 5.9 ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2016ቱ ጥናት፣ አማራ ክልል 3.7፣ ደቡብ ክልል ደግሞ 4.4 ላይ ተገኙ። ኦሮሚያ ከ6.4 ተነሥቶ 5.4 ሲደርስ፣ ሶማሌ ክልል 7.2፣ አዲስ አበባ 1.8 ሆነው ተመዘገቡ። እነዚህ ሁሉ ክልሎችና ከተሞች የሚተዳደሩት በአንድ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ነው፤ መመሪያውን የሚያወጣላቸው አንድ የጤና ሚኒስቴር ነው። ታዲያ በአንድ አገር ውስጥ፣ ከአንድ ፖሊሲ ሥር፣ የወሊድ መጠን ከ1.8 እስከ 7.2 የተራራቀው ለምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በየቡና ቤቱና በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «የእነ እገሌ ባህል ነው»፣ «ሃይማኖታቸው ነው»፣ አንዳንዴም «ሆን ብለው ነው የሚወልዱት» ይባላል። እኔ ዛሬ ለመከራከር የመጣሁት ከዚህ መልስ ጋር ነው። ባህልና ሃይማኖት ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ለሚመለከት ሰው፣ የክልሎች የወሊድ ልዩነት ከሁሉ በፊት የሚናገረው አገልግሎቱ እስከ ሴቲቱ ደጃፍ መድረሱንና አለመድረሱን፣ ሴት ልጅ በስንት ዓመቷ እንደምትዳር፣ ስንት ክፍል እንደምትማርና የወለደቻቸው ልጆች በሕይወት የሚያድጉ መሆናቸውን ነው። እነዚህ ደግሞ የሕዝብ ጠባይ አይደሉም፤ በመንግሥት ውሳኔና በበጀት የሚለወጡ ነገሮች ናቸው።

የፖሊሲውን ታሪክ በአጭሩ ላንሣ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅን በወንጀል ያስቀጣ ነበር። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ተመሥርቶ በጥቂት ከተሞች አገልግሎት መስጠት ቢጀምርም፣ መንግሥት ጉዳዩን የራሱ ያደረገው በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. (በ1993) የሽግግር መንግሥቱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲን ባወጣ ጊዜ ነው። ፖሊሲው አገሪቱ በወቅቱ የነበራትን የወሊድ መጠን 7.7 ብሎ አስቀመጠ፤ በ2015 ወደ 4.0 እንዲወርድ፣ መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶችም ከመቶ 4 ወደ 44 ከፍ እንዲሉ ግብ ጣለ። በ2016 የተለካው ውጤት 4.6 እና 36 ከመቶ ነው። ግቡ አልተመታም፤ ሆኖም ከመቶ አራት ተነሥቶ ከመቶ ሠላሳ ስድስት መድረስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተከናወነ ትልቅ ለውጥ ነው።

ይህ ለውጥ ግን ፖሊሲው በታወጀ ማግሥት አልመጣም። ፖሊሲው ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ መከላከያ የሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች ገና ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በ2005 ወደ 15፣ በ2011 ወደ 29 የዘለለው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ተጀምሮ ባለሙያዎቹ በየቀበሌው ከተመደቡ በኋላ ነው። ከ30,000 በላይ የሆኑ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች፣ በአብዛኛው ከዚያው ከአካባቢው ተመልምለው፣ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰማሩ። ሰነዱ ለአሥር ዓመት ያህል ያልሠራውን ሥራ የሠሩት እነዚህ ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ብዙዎቹ ዛሬም በዝቅተኛ ደመወዝ፣ ውኃና መብራት በሌለበት ጤና ኬላ ውስጥ ይሠራሉ፤ ከዚህ አዳራሽም የተገኙ ካሉ ክብር ይገባቸዋል።

አገልግሎቱ እንዴት ወደ ወሊድ ቁጥር እንደሚለወጥ ለማየት ወደ አንድ ጤና ኬላ ውስጥ እንግባ። ከሐዋሳ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግድግዳው ሥር በተደረደሩ፣ የየቤተሰቡ የጤና መረጃ በሚቀመጥባቸው የቤተሰብ ፎልደሮች ውስጥ የአንዳንድ ሴቶችን የቀጠሮ ካርድ ለብቻ ለይታ ታስቀምጣለች። ካርዱ ወደ ቤት መሄድ አይችልም፤ ባል እንዲያየው አይፈለግምና። ሴቲቱ የምትመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ቅቤዋን ወይም ቆጮዋን ሸጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በጓሮ በኩል ትገባለች፣ መርፌዋን ትወጋለች፣ ትሄዳለች። አንዱ መርፌ የሚሠራው ለሦስት ወር ነው። እንግዲህ ይህች ሴት በቀጠሮዋ ቀን መጥታ መርፌው አልቆ ብታገኘው ምን ይሆናል? ባለሙያዋ «በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ትላታለች። የሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ዝናብ ይሆናል፣ ወይም ልጅ ይታመማል፣ ወይም ባል አብሮ ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ስትመጣ መርፌው ቢኖርም እርሷ ግን ምናልባት አርግዛለች። በአገራችን መከላከያ ከሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመርፌ የሚገለገሉ በመሆናቸው፣ የወረዳ መጋዘን ለአንድ ወር ባዶ መሆኑ ከዘጠኝ ወር በኋላ የሚወለዱ ሕፃናትን ቁጥር የሚወስን ነገር ነው። በ2016ቱ ጥናት መከላከያ ከጀመሩት ውስጥ ከመቶ 35ቱ በአሥራ ሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ማቋረጣቸው ተመዝግቧል። የመከላከያውን የጎንዮሽ ጠንቅ መፍራትም፣ ልጅ መፈለግም፣ የአቅርቦት መቆራረጥም በዚህ ውስጥ አሉበት።

ይህን የተረዳው ጤና ሚኒስቴር ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንና ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን ኢምፕላኖን ራሳቸው እንዲያስገቡ አሠለጠነ። ውሳኔው አስተዋይ ነበር፤ ገበያና ዝናብ የማያቋርጡት መከላከያ ሴቲቱ በቅርቧ እንድታገኝ አድርጓልና። አንድ ጉድለት ግን ተከትሎት መጣ። ማስገባቱ በጤና ኬላ ይደረጋል፣ ማውጣቱ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ደም የበዛባት ወይም ልጅ የፈለገች ሴት የማታውቀው ጤና ጣቢያ ድረስ ተጉዛ «ጊዜው አልደረሰም፣ ታገሺ» ተብላ የምትመለስ ከሆነ፣ ስትመለስ ለጎረቤቶቿ የምትነግራቸው ነገር አንድ ዓመት ሙሉ የተሰጠ ትምህርትን ያፈርሳል። መከላከያን የማውጣት አገልግሎት እንደ ማስገባቱ ሁሉ ቅርብና ፈጣን ያልሆነበት ወረዳ የአጠቃቀም ቁጥሩ ለጊዜው ቢያድግም ውሎ አድሮ ይቆማል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

አሁን ወደ ክልሎች ልዩነት ልመለስ። በ2016 ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በአማራ ክልል ከመቶ 47፣ በደቡብ 40፣ በኦሮሚያ 28 ነበሩ፤ በሶማሌ ክልል ከመቶ ሁለት አይሞሉም። የወሊድ መጠናቸው ቅደም ተከተልም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። ሆኖም ሁለት እንቆቅልሾች አሉ።

የመጀመሪያው የጋብቻ ዕድሜ ነው። በአገሪቱ ሴቶች በልጅነታቸው የሚዳሩት ከሁሉ በላይ በአማራ ክልል ነው፤ በ2016 በጥናቱ ከተካተቱት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ የክልሉ ሴቶች ግማሾቹ 16 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላቸው አግብተዋል። በተለመደው አስተሳሰብ ቀድሞ የሚያገባ ብዙ መውለድ ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የእርሻ መሬት በጣም በተሸነሸነበት፣ ወጣቱ ከአባቱ የሚወርሰው ጥማድ በሌለበት ገጠር፣ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ማሳነስ ፈለጉ፤ ፍላጎቱ ባለበት ሰዓት የጤና ኤክስቴንሽኑ ደረሰ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል መሬት ሲያልቅ ኃይሉን ያጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ያለዕድሜ ጋብቻው ራሱ በደል ሆኖ ቀጥሏል፤ የወሊድ ቁጥር ወረደ ማለት የልጃገረዶች መብት ተከበረ ማለት አይደለም፣ ሁለቱን ማምታታትም አይገባም።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ገና ሳይታሰብ፣ በ2000፣ የከተማዋ የወሊድ መጠን 1.9 ነበር፤ በ2005 ደግሞ 1.4 ደረሰ። ይህ ሕዝብ ራሱን ከሚተካበት ደረጃ በብዙ ያነሰ ነው። ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልቀጣም። ትምህርት፣ ሥራ ማጣት፣ የቤት ኪራይና የቤት እጥረት ወጣቱን ጋብቻውን እንዲያዘገይ አደረጉት፤ በ2016 የአዲስ አበባ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ ወደ 24 ይጠጋ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃም ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ሴቶች 5.7 ልጆች ሲወልዱ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9 ብቻ ይወልዳሉ። ስለዚህ ስለ ሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ስንነጋገር የትምህርት ሚኒስቴርን፣ የቤቶች ልማትን፣ በ2000 የጸደቀውንና የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ያደረገውን የቤተሰብ ሕግ ማንሣታችን ግድ ነው። የሚወለዱ ሕፃናትን ቁጥር ከጤና ሚኒስቴር ውጪ ያሉ መሥሪያ ቤቶችም ሳያስቡት ይወስናሉ።

የሕፃናት ሞትን ሳላነሣ ባልፍ ትልቅ ነገር ይጎድላል። በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ከስድስት ልጆቿ አንዱን እንደምትቀብር የምታውቅ እናት «ሁለት ይበቃሻል» ቢሏት የምትሰማበት ምክንያት የላትም። ክትባትና የወባ አጎበር የሚያድለው ጤና ኬላ መርፌውንም ስለሚሰጥ አንዱ አገልግሎት ለሌላው እምነት ፈጥሮለታል።

ሶማሌ ክልልን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2000 የተመዘገበው 5.7 እና በ2016 የተመዘገበው 7.2 ሲነጻጸሩ ወሊድ የጨመረ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የቀደሙት ጥናቶች የክልሉን ጥቂት ዞኖች ብቻ ስለሸፈኑ ንጽጽሩ አስተማማኝ አይደለም። አስተማማኝ የሆነው የወሊድ መጠኑ ከፍተኛ መሆኑና መከላከያ የለም በሚባል ደረጃ ላይ መገኘቱ ነው። እዚያ ብዙ ልጅ መውለድ በእርግጥ የሚፈለግ ነገር ነው፣ የሃይማኖት አባቶችም ድምፅ ከባድ ነው። ግን ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አምስት ሺህ ሰው በአንድ ቦታ ይኖራል ብሎ ለደጋ ገበሬ የታቀደ ጤና ኬላ፣ ከግመሎቹ ጋር በየወቅቱ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደርን እንዴት ያገለግላል? ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖች መጀመራቸው ትክክለኛ እርምጃ ነው። ሥራውም መጀመር ያለበት በእናቶችና በሕፃናት ሕይወት እንጂ በልጅ ቁጥር አይደለም፤ አራርቆ መውለድ የእናትን ጤና እንደሚጠብቅ የሚቀበል የሃይማኖት አባት በሁሉም አካባቢ አለ።

ወደዚህ ወደ ሲዳማ ስንመጣ ሥዕሉ ሌላ ነው። እንሰት ብዙ ሕዝብን በጠባብ መሬት ላይ መሸከም የሚችል ተክል በመሆኑ፣ የሲዳማና የወላይታ ደጋ በአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ሆኗል። በ2007ቱ ቆጠራ የያኔው ሲዳማ ዞን ሕዝብ ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። የቡናና የእንሰቱ ጓሮ ለአራት ወንድማማቾች ሲከፋፈል የሚተርፈው ምን እንደሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ውጤቱን ሐዋሳ ከተማ ራሷ ትመሰክራለች፤ ከተማዋ የሚያሳድጓት በውስጧ የሚወለዱት ብቻ ሳይሆኑ ከደጋው የሚወርዱት ናቸው። በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በአብዛኛው የቀጠረው ወጣት ሴቶችን ነው። አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከደመወዛቸው ላይ ለወላጅ እየላኩ የሚኖሩት እነዚህ ልጆች በአገራቸው ቢቀሩ ኖሮ ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ይዳሩ ነበር። ለእነርሱ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በባለትዳር ሴት ልክ የተሰፋ ነው፦ በሥራ ሰዓት ይከፈታል፣ በሥራ ሰዓት ይዘጋል፣ ያላገባች ሴት ስትመጣ ደግሞ በፊት ገጽታ የሚገሥጻት ባለሙያ አይጠፋም። ከተማችን ይህን ማስተካከል የምትችለው ከፌዴራል መንግሥት ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው። የምሽትና የእሑድ አገልግሎት፣ ዳኝነት የሌለበት መስተንግዶ፣ ወጪው ብዙ አይደለም።

አሁን የወሊድ መጠን በሕዝብ ብዛት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ልናገር። በ1994ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን የነበርን፣ በ2007 73.75 ሚሊዮን ሆንን፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆንን ይገመታል። የወሊድ መጠን እየወረደ ሕዝቡ የሚያድገው ለምንድን ነው ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። መልሱ በ2007ቱ ቆጠራ ውስጥ አለ፦ ከሕዝቡ 45 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበር። እነዚያ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከእናቶቻቸው ያነሰ ቢወልዱም፣ እነርሱ ራሳቸው ከእናቶቻቸው ትውልድ ስለሚበዙ የሕፃናቱ ድምር አይቀንስም። ዛሬ የሚደረግ የፖሊሲ ለውጥ በሕዝብ ቁጥር ላይ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ለዚህም ነው በአምስት ዓመት ምርጫ የሚያስብ ፖለቲከኛ በቀላሉ የሚዘነጋው።

በክልሎች መካከል ሲሆን ደግሞ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ይከማቻል። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል አገሪቱ በዓመት 2.6 ከመቶ ስታድግ፣ ኦሮሚያና ደቡብ 2.9፣ አማራ ክልል 1.7 አደጉ ተባለ። በ2.9 የሚያድግ ሕዝብ በ24 ዓመት፣ በ1.7 የሚያድግ ደግሞ በ41 ዓመት ገደማ ይታጠፋል። በአማራ ክልል የተገኘው ቁጥር ቀደም ሲል ከተተነበየው በሁለት ሚሊዮን ገደማ ማነሱ በፓርላማ ጭምር ብርቱ ክርክር አስነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ክርክሩ የጋለበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 61 መሠረት በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ አንድ ተወካይ ኖሮት፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ሌላ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል፤ የፌዴራል ድጎማ ቀመርም የሕዝብ ብዛትን እንደ ዋና መለኪያ ይወስዳል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ሴቶቹ በፈቃዳቸው ጥቂት የሚወልዱበት ክልል በመቀመጫም በበጀትም ድርሻው እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው። ቤተሰብ ምጣኔን «እኛን ለማሳነስ የመጣ ተንኮል» የሚያስመስለው ወሬ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ኬረላን የመሰሉ የደቡብ ክፍለ አገራት በሴቶች ትምህርትና በጤና አገልግሎት ቀድመው የወሊድ መጠናቸውን ሲያወርዱ፣ እንደ ቢሃር ያሉት የሰሜኖቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው ጥናት እንኳ ኬረላ 1.8፣ ቢሃር 3.0 ነበሩ። ሕንዶች በ1976 ያገኙት መላ የፓርላማ መቀመጫን ክፍፍል በ1971ዱ ቆጠራ ላይ ማቆም ነበር፤ በኋላም እገዳውን እስከ 2026 አራዘሙት። እገዳው ሊያበቃ ሲቃረብ ክርክሩ እንደገና ተቀጣጠለ፤ የሰሜኑ ሰው ድምፁ ዋጋ አነሰ ይላል፣ የደቡቡ ደግሞ ስለ ተሳካልኝ ልቀጣ አይገባም ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ከዚህ መማር ያለብን፣ በቀመሩ ውስጥ የሕዝብ ብዛት ብቻውን ሳይሆን የሴቶች ትምህርት፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና መሻሻልም ለክልሉ ነጥብ የሚያስገኝበትን መንገድ ከወዲሁ መቀየስ ነው።

ያቺው ሕንድ በ1976 እና በ1977 ሌላም ነገር አድርጋለች፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ሚሊዮኖችን፣ ብዙዎቹን በግዳጅ፣ አምክናለች። ከዚያ በኋላ መንግሥት በምርጫ ወደቀ፣ ሕዝቡም ቤተሰብ ምጣኔ የሚለውን ቃል ለዓመታት ጠላው። ቻይናም የአንድ ልጅ ሕጓን ከማውጣቷ በፊት ባሉት አሥር ዓመታት፣ በ1970ዎቹ፣ የወሊድ መጠኗ ከ5 በላይ ከነበረበት ወደ 3 ገደማ ወርዶ ነበር፤ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሕጉ በፊት ነው። ኢራን በአንጻሩ ከ1989 በኋላ በገጠር ጤና ቤቶችና በሴቶች ትምህርት በአሥር ዓመት ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ከ5 በላይ የነበረውን ወደ 2 አወረደች። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት አላቸው ይላል። መብት ስለሆነ ኮታ ሊኖረው አይችልም። በወረዳ ግምገማ ላይ «ዘንድሮ ይህን ያህል ኢምፕላንት ማስገባት አለብሽ» ተብሎ ለባለሙያዋ የሚሰጥ ቁጥር፣ አስቦ የሰጠው ሰው ቀና ቢሆንም፣ ወደ ግዴታ የሚያዘነብል አሠራር ስለሆነ ሊታረም ይገባል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ገንዘብና ስለ መረጃ ነው። የምንጠቀምበት መከላከያ አብዛኛው የሚገዛው በውጭ እርዳታ ነው፤ የእርዳታ ፖለቲካ በውጭ አገር ምርጫ ውጤት እንደሚለዋወጥ በ2025 በዓይናችን አይተናል። የክልል ምክር ቤቶች ለመከላከያ መግዣ በራሳቸው በጀት ውስጥ የተለየ ርዕስ እንዲከፍቱ፣ የሲዳማ ክልል ምክር ቤትም በዚህ ቀዳሚ እንዲሆን እጠይቃለሁ። መረጃን በተመለከተ፣ አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ከ2007 ወዲህ አልተቆጠርንም። ዛሬ የሐዋሳ ልጆች ስንት መማሪያ ክፍል፣ ደጋው ስንት አዋላጅ እንደሚያስፈልገው የምናሰላው ከ2007ቱ ቆጠራ በተነሣ ትንበያ ነው። በዚያ ቆጠራ ወቅት የተወለደች ሴት ዛሬ ለጋብቻ ደርሳለች፤ ስለ እርሷ የምንወስነው ሁሉ ያልተቆጠረችበትን አገር ቁጥር ይዘን ነው። እናንተ የጤና ባለሙያዎች በየቤተሰብ ፎልደሩ የምትመዘግቡት ወሊድ፣ ሞትና የመከላከያ አጠቃቀም እስከዚያው ያለን የቅርብ መረጃ እርሱ ስለሆነ፣ በየወሩ ወደ ወረዳ ከመላኩ በፊት በየቀበሌያችሁ ቁጭ ብላችሁ እንድታነቡት፣ ያቋረጡት ሴቶች እነማን እንደሆኑና ለምን እንዳቋረጡ ከራሳቸው እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።

ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።